እማዬን ቲንታይፕ አስነሳኋት፤ የአንገቷ ንቅሳት የት ገባ?

ሰሊ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ሰላም ቤቶች! ፎቶ የሚገባችሁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

እማዬ ከደብረ ታቦር መጥታ እኔ ጋ ናት። ለእናቶች ቀን ምን ላድርግላት ስል አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ቲንታይፕ ነገረችኝ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሰው ይነሳው የነበረ፣ ወረቀት ላይ ሳይሆን ጥቁር የተቀባ ብረት ላይ የሚወጣ ፎቶ ነው። አሁን እንደገና ፋሽን ሆኗል። ቀጠሮ አስያዝኩና እማዬን የሀበሻ ቀሚስ አልብሼ ይዣት ሄድኩ።

ፎቶ አንሺው ፕሌቱን፣ ማለት ያን ጥቁር ብረት፣ በጣቶቹ ጫፍ ይዞ መሀሉ ላይ ወፈር ያለ ቢጫ ፈሳሽ አፈሰሰ። ወደ አራቱም ማዕዘን እያዘነበለ አዳረሰው። የተረፈውን በአንዱ ጥግ አድርጎ ወደ ጠርሙሱ መለሰው። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ሽታው እንደ ድሮ ክሊኒክ ነው፤ እማዬ ወዲያው አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ከዛ ጨለማ ክፍል ገባና ትንሽ ቆይቶ ፕሌቱን በእንጨት መያዣ ይዞ ወጣ። እማዬን አስቀምጦ ከጭንቅላቷ ጀርባ የብረት ድጋፍ አቆመላት። የሌንሱን ክዳን አንስቶ ጮክ ብሎ እስከ ስምንት ቆጠረ። እማዬ በሆዷ አባታችን ሆይ ትደግም ነበር።

ጉዱ መጨረሻ ላይ ነው። ፕሌቱን ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ሲከተው ፊቷ ሰማያዊ ጭጋግ ነበር። ዓይናችን እያየ ጭጋጉ ተገፈፈና እማዬ ወጣች። የግንባሯ መስመር፣ የሹሩባዋ እያንዳንዱ ጉንጉን፣ ሁሉም። እኔ እንባዬ መጣ። እማዬ ግን ጠጋ ብላ አየችና አንገቷን እየዳሰሰች "ንቅሳቴን ማን ፋቀው?" አለች።

እውነቷን ነው። ከአገጯ ሥር ጀምሮ አንገቷን የሚዞረው ንቅሳት ድራሹ የለም። ልጅ ሳለች ነው የተነቀሰችው፤ እኔ ያለ እሱ አይቻት አላውቅም። ሰውየው "የቀለም ነገር ነው" ብሎ አለፈው። ቀዩ ጥለቷም ጥቁር ሆኗል፤ ሀዘን የተቀመጠች መስላለች። ምንድነው ነገሩ? ደብረ ታቦር ላለችው እህቷ ልትልከው ነበር። አሁን "ይስቁብኛል" ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

ቦሌ_ልጅ፦

ስንት ከፈልሽ ግን?

ሰሊ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

90 ዶላር። ለአንዷ ፕሌት።

ቦሌ_ልጅ፦

90 ዶላር ለቆርቆሮ! ስልክሽ ላይ ነጻ ፊልተር አለ እኮ። ጥቁርና ነጭ አድርጊው፣ ጠርዙን ጫር ጫር አድርጊው፣ አለቀ። ንቅሳቱም ቦታው ላይ ይቀመጥ ነበር 😂

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

ልጄ ሰሊ፣ ንቅሳቱን ማንም አልፋቀውም። ኬሚካሉ ነው ያላየው።

እኔ ዘመኔን የጨረስኩት ፒያሳ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ጨለማ ክፍላችን ቀይ አምፖል የነበረው ለምንድነው? ወረቀቱ ቀይ ብርሃን ስለማያይ ነው። ይሄ ብረቱ ላይ ሲፈስ ያየሽው፣ ኮሎዲየን የሚባለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሚያየው ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እና የእኛ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ነው። ሰማያዊ የሆነ ነገር ነጣ ብሎ ይወጣል። ቀይ፣ ብርቱካንና ቢጫ ይጠቁራሉ። ጥለቷን ያጠቆረው ይኸው ነው።

የእናትሽ ንቅሳት ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ መሆን አለበት። የቆየ ንቅሳት እንደዚያ ነው። ቆዳችን ደግሞ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። እንግዲህ ንቅሳቱ ይነጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሁለቱ መሀል ላይ ይገናኙና መስመሩ ይጠፋል።

ቦሌ ልጅ፣ አንተ የምትለው ፊልተር ቀለሙን ሁሉ አይቶ ነው ግራጫ የሚያደርገው። ይሄ መጀመሪያውኑ አላየም። ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው።

ከኦክላንድ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ኒውዚላንድ ማኦሪዎች ፊታቸው ላይ ሞኮ የሚሉት ንቅሳት አላቸው። ማይክል ብራድሊ የሚባል ፎቶ አንሺ በ1800ዎቹ ፎቶዎች ላይ ሞኮው ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ልብ አለ። ከዛ ሞኮ ያላቸውን ሰዎች አንዴ በኮሎዲየን፣ አንዴ በዲጂታል አነሳቸው። ጎን ለጎን ሰቀላቸው። በአንዱ ፊታቸው ባዶ ነው፣ በሌላው ሙሉ። ፑዋኪ ይባላል ሥራው። ፈልገሽ ለእናትሽ አሳያት፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ።

ወለተ_ጎንደር፦

ይሄ ነገር እኔን ወደ ሌላ ሀሳብ ወሰደኝ። የድሮ ፎቶ አይቶ "በዚያ ዘመን እንዲህ አይነት ንቅሳት አልነበረም" የሚል ሰው ሞልቷል። ለካ ፎቶው ራሱ ግማሽ ዕውር ነው። በ1868 በፈረንጅ፣ እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ይዘውት የወጡት ካሜራ በዚሁ በኮሎዲየን ነበር የሚሠራው። ልዑል ዓለማየሁን እዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ስታነሳውም እንዲሁ። ልጁ በሰባት ዓመቱ ፊቱ በጣም ጠቁሮ፣ ዓይኑ ብቻ ቦግ ብሎ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይሄ ይሆን? ሀዘኑ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

ወለተ፣ ጥሩ አነሳሽ። የዓለማየሁ ግን ብረት ላይ አይደለም። መስታወት ላይ ኔጋቲቭ ተሠርቶ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። የቀለሙ ጉዳይ ግን ያው ነው። የእኛ ሰው በዚህ ነገር ሲነሳ ከራሱ መልክ ሁለት ደረጃ ይጠቁራል።

ትዕግስት_ነርስ፦

ይቅርታ ግን፣ ይሄ ነገር ሜርኩሪ አለበት ሲባል ሰምቻለሁ። ትልቅ ሰው ይዞ መሄድ አያስፈራም?

ኬሚስት_ነኝ_በቃ፦

ትዕግስት፣ ሜርኩሪ ያለበት ዳጌሮታይፕ ነው። በ1839 ፓሪስ ላይ የታወጀው፣ ብር የተለበጠ መዳብ ላይ የሚሠራው። እሱን ዛሬ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው።

የሰሊ ሌላ ነው። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የሚባል እንግሊዛዊ በ1851 የኮሎዲየንን ዘዴ አሳተመ። በ1853 ፈረንሳዊው አዶልፍ አሌክሳንድር ማርቲን ብረት ላይ እንደሚሠራ ገለጸ። በ1856 ደግሞ ሃሚልተን ስሚዝ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አወጣበት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እጅ ግን ይፈልጋል። ያ ቢጫ ፈሳሽ ኮሎዲየን ነው፤ ናይትሮሴሉሎስ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ፣ አዮዳይድና ብሮማይድ ተጨምሮበት። የክሊኒክ ሽታው ኤተሩ ነው። ከዛ ፕሌቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል። ብርሃን ማየት የሚጀምረው ያኔ ነው። እርጥብ እንዳለ መነሳትና መታጠብ አለበት፤ ከአስር ደቂቃ ብዙ ካለፈ ደርቆ ዋጋ የለውም። ዴቬሎፐሩ፣ ማለት ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ አይረን ሰልፌት ነው።

ሰሊ "ጭጋጉ ተገፈፈ" ያለችው ፊክሰሩ፣ ማለት ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ ጋ ነው። መፍራት ካለብሽ እዚያ ጋ ፍሪ። አንዳንዶች እስከ ዛሬ ፖታሲየም ሳያናይድ ይጠቀማሉ፣ የምስሉ ቃና ሞቅ ስለሚል። ብዙዎቹ ግን ሃይፖ የሚባለውን ጨው ነው የሚጠቀሙት፤ እሱ ችግር የለውም። ቀጠሮ ስትይዙ "ፊክሰርህ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳያናይድ ካለ ወደ ገንዳው ጠጋ አትበሉ፣ ልጅም አታስጠጉ።

ትዕግስት_ነርስ፦

ሳያናይድ!!! ኧረ በማርያም።

ኮሎምበስ_ነዋሪ፦

ስሚዝ እኮ የእኛ ሰፈር ሰው ነው 😀 ኬንየን ኮሌጅ ነበር የሚያስተምረው፣ ከኮሎምበስ ብዙም አይርቅም።

እኔም ተነስቼ አውቃለሁ። ልምዴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰሊ ጥሩ ፎቶ አንሺ ነው የገጠማት። እኔን ያነሳኝ ሰው ስሙን አልጠራም። ጠይም ነኝ። ሰውየው ለፈረንጅ ደንበኛ የሚጠቀምበትን ሰከንድ ሳይጨምር አነሳኝ። የወጣው ሁለት ዓይንና አንድ ሸሚዝ ነው። ፊት የለም! "በጣም ድራማቲክ ነው" ብሎኝ ሊሸኘኝ ነበር። እኔ ድራማ አልከፈልኩም፣ ፊቴን ስጠኝ አልኩት። ብርሃኑን አቅርቦ፣ ሰከንዱን ወደ እጥፍ ከፍ አድርጎ ሲደግመው ቁልጭ ብዬ ወጣሁ። ስለዚህ ሀበሻ ስትሆኑ ከመቀመጣችሁ በፊት "ለእኔ ቆዳ ሰከንድ ጨምር" በሉ። የሚከፋው ካለ ሌላ ጋ ሂዱ። ባርነትን የታገለው ጥቁር አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንደሱ ፎቶ የተነሳ የለም ይባላል፤ የሚታወቁት ብቻ 160 ያህል ናቸው። የጥቁር ሰው ፊት በዚህ ኬሚካል አምሮ መውጣት እንደሚችል የፈለገ እነሱን ይይ። አንሺው ካወቀበት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሰፈር ውስጥ "ቀይ ነኝ" እያለ የሚኩራራ ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ጠይም ሆኖ ይወጣላችኋል።

ወለተ_ጎንደር፦

😂😂 ለሠርግ ስጦታ ይሆናል።

ሰሊ፣ ለመሆኑ እናትሽ ኩል ትኳላለች? የንቅሳቱን መስመር በኩሉ ብትስዪላትስ? ኩል ጥቁር ነው። ጥቁር ደግሞ በየትኛውም ኬሚካል ጥቁር ነው። ጋሼ፣ ተሳሳትኩ?

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

እንዴት ያለሽ ብልህ ነሽ። ይሠራል። በቀጭኑ ይሁን እንጂ፤ ካበዛሽው ቀለም የተደፋባት ትመስላለች።

ቦሌ_ልጅ፦

እና ይሄ ማጭበርበር አይደለም? ፊልተር ስል ሳቃችሁብኝ። አሁን ራሳችሁ ሜካፕ ልታደርጉ ነው።

ኮሎምበስ_ነዋሪ፦

ያኔም ያደርጉት ነበር ወንድሜ። የእርስ በርስ ጦርነቱን ወታደሮች ፎቶ ብታይ የኮታቸው ቁልፍ በወርቅ ቀለም የተነካካ ነው፤ ጉንጫቸው ላይ ሮዝ ጣል የተደረገበትም አለ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊልጀንኲስት የሚባል ስብስብ አለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። ስሙ ያልታወቀ አንድ ጥቁር ወታደር ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የተነሳው አለ። እሱ መስታወት ላይ ነው፣ ኬሚካሉ ግን አንድ ነው። የልጆቹን ኮፍያና ኮት እይ፤ ምን ያህል እንደተዘጋጁ ይገባሃል። ሰው ፎቶ ሲነሳ ራሱን ያሰናዳል። የሰሊ እናት ኩል ብታስቀባ ምን ነውር አለው?

ቦሌ_ልጅ፦

እሺ እሺ፣ ተሸነፍኩ። 90 ዶላሩ ግን አሁንም ብዙ ነው።

የቄሱ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አባቴ ቄስ ናቸው፣ ዳላስ ነው የምንኖረው። በጥምጥምና በካባ፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው እንዲነሱ ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ቲንታይፕ ግራና ቀኝ ይገለበጣል የሚል አየሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ መስቀሉ በግራ እጃቸው ሊታይ ነው። አባባ ይሄን አይቀበሉም።

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

እውነት ነው ልጄ። ካሜራው ውስጥ የገባው ብረት ራሱ ነው ፎቶው። ኔጋቲቭ ቢኖረው ሲታተም ተመልሶ ይስተካከል ነበር። ብረቱ የሚያሳየው መስታወት ፊት ቆመህ የምታየውን ነው። የዚያ ዘመን ወታደሮች ቀበቷቸው ላይ ያለው ፊደል ተገልብጦ የሚታየው በዚህ ነው። ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለውን ሽፍታ ሰው ስንት ዘመን ግራኝ ነው ሲለው የኖረው በአንድ ቲንታይፕ ምክንያት ነው። በ2011 በ2.3 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው እሱ ነው።

ቦሌ_ልጅ፦

2.3 ሚሊዮን! ሰሊ ከመሳቢያው አውጪው!

የቄሱ_ልጅ፦

መስቀሉን በግራ ይዘው ቢነሱ በፎቶው በቀኝ ይታያል ማለት ነው እንግዲህ። ግን በግራ ያዙ ብዬ አባባን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

ወለተ_ጎንደር፦

አትንገራቸው! ቄስ በግራ እጁ መስቀል ይዞ ስምንት ሰከንድ ሲቀመጥ ማየት ለማን ደስ ይላል? በቀኛቸው ይያዙ። ብረቱን ለራሳችሁ አስቀምጡት። ስካን አድርጋችሁ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና ለምዕመኑ እሱን አሳትሙ።

ኬሚስት_ነኝ_በቃ፦

ሌላም መንገድ አለ። በድሮ ጊዜ ሌንሱ ፊት መስታወት ወይም ፕሪዝም ገጥመው ያስተካክሉት ነበር። ብርሃን ስለሚቀንስ ሰከንዱ ይረዝማል። ፎቶ አንሺው ካለው ጠይቀው።

ልብስ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አብረው ሲሆኑ ይከብዳል። ፊቱ እስኪደርስ ሲጠበቅ ነጠላው ከልክ በላይ ይነጣና ሽመናው ይጠፋል። ነጠላውን ከብርሃኑ ዘወር አድርጎ ማልበስ ይረዳል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ከሆነ ሦስቱም ጠቁረው አንድ መስመር ይሆናሉ፤ ባንዲራውን እርሱት። ሰማያዊ ጥለት በነጭ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ሂና የተቀባ እጅ ይጠቁራል። ሳንስክሪን ተቀብታችሁ አትሂዱ፤ አልትራቫዮሌቱን ስለሚውጥ ፊት ላይ እድፍ ይመስላል። ፀሐይ ላይ የሚጠቁር መነጽር ያላችሁም አውልቁት። የብር ጌጥ ጥሩ ይወጣል፤ የብር መስቀል በተለይ።

የቄሱ_ልጅ፦

የአባባ መስቀል የብር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ሃያሁለት_ማዞሪያ፦

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ፎቶግራፈር ነኝ፣ ሠርግ ነው የምሠራው። ይሄን ነገር ቅዳሜ ቅዳሜ ብጀምር ሰልፍ እንደሚኖረው ይታየኛል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ኮሎዲየኑን በሻንጣ ቢያመጣልኝስ?

ኬሚስት_ነኝ_በቃ፦

እንዳታደርገው! ኤተር ተቀጣጣይ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሲልቨር ናይትሬትም የተከለከለ ዕቃ ነው። ዘመድህን ኤርፖርት ላይ ታስይዘዋለህ። በሕጋዊ አስመጪ፣ በላቦራቶሪ ዕቃ መልክ ነው መሄድ ያለብህ።

ከጀመርክ ደግሞ የአዲስ አበባን አየር አስብ። ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደረቅ ነው። ኤተሩ ቶሎ ይተናል፣ ፕሌቱ ቶሎ ይደርቃል። ጨለማ ክፍሉ ከካሜራው ጎን መሆን አለበት። ትርፍህ አልትራቫዮሌቱ ነው፤ እዚያ ላይ ሞልቷል፣ ሰከንዱ ያጥርልሃል። ጓንት አድርግ። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ጣት ይጠቁራል፣ ሳሙና አያስለቅቀውም። ዓይን ከገባ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። በመነጽር ሥራ።

ሃያሁለት_ማዞሪያ፦

ብረቱስ?

ኬሚስት_ነኝ_በቃ፦

የድሮው ጥቁር ቫርኒሽ የተቀባ ስስ ብረት ነበር። የዛሬዎቹ በብዛት ጥቁር የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ዋንጫ ላይ ስም የሚጻፍበት አይነት። ዋንጫ ሠሪዎች ጋ ጠይቅ።

ሰሊ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ተመልሰን ሄድን! እማዬ የኩሉን ነገር ስነግራት መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። በኋላ ግን "እንግዲህ ከሆነ እኔው ራሴ እስለዋለሁ፣ አንቺ ታጣምሚዋለሽ" አለችኝ። መስታወት ፊት ቆማ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት እያነሳች መስመር በመስመር ሄደችበት። ሁለት ቦታ ላይ ደብዝዞ ነበር፤ እሷ ግን ንድፉን በቃሏ ታውቀዋለች። ለፎቶ አንሺው የኮሎምበስ ነዋሪ እንዳለው ሰከንድ ጨምር አልኩት፤ ጨመረ። ነጠላዋንም ከመስኮቱ ዞር አደረግነው።

ወጣ! ንቅሳቱ ከአገጯ ሥር እስከ ታች አለ። ጥለቷ ያው ጥቁር ነው፣ እሱን ተውነው። ሰውየው ራሱ ከዚህ በኋላ ንቅሳት ያለው ሰው ሲመጣ አስቀድሜ እነግራለሁ አለ። እማዬ ለእህቷ የምትልከው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ላስቀምጠው ስላት "ተይው፣ አዚሙ ለአንቺ ይሁን" ብላኛለች 😂 ደብረ ታቦር ድረስ በምን ልላከው? ይታጠፋል?

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

እሰይ! እናትሽን ሰላም በይልኝ።

እንዳታጥፊው። ከታጠፈ ቀለሙ ከነምስሉ ይላቀቃል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል አድርጊው። ቫርኒሽ መቀባቱንም አረጋግጪ፤ የሳንዳራክ ሙጫ ከላቬንደር ዘይት ጋር ነው የሚቀቡት፣ ካሸተትሽው ታውቂዋለሽ። ያልተቀባ ከሆነ ብሩ በአየር ይጠቁራል፣ በጣትም ይጫራል።

ትዕግስት_ነርስ፦

እኔ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት አንድ ትንሽዬ አለኝ፣ አንዲት ሴትዮ ወንበር ይዛ ቆማ። ሻጩ የ1870ዎቹ ነው ብሎኛል። የድሮ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኬሚስት_ነኝ_በቃ፦

የፍሪጅሽን ማግኔት አምጪ። ከያዘ ብረት ነው፣ የድሮ የመሆን ዕድል አለው። ካልያዘ አሉሚኒየም ወይም ሌላ ነገር ነው። ጀርባው ላይ ቴምብር ካለ ደግሞ እሰየው፤ ከ1864 እስከ 1866 የአሜሪካ መንግሥት ፎቶ ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር። በምስሉ በኩል ግን ማግኔቱን አትጎትቺው።

ትዕግስት_ነርስ፦

ያዘ! ቴምብር ግን የለውም። ጠርዙ ትንሽ ዝጓል።

ጋሽ_ጨለማክፍል፦

ዝገቱን እንዳትፍቂው። ውሃም አይንካው። ደረቅ ቦታ፣ ከኩሽና የራቀ።

ሃያሁለት_ማዞሪያ፦

ሰሊ፣ የዚያን ፎቶ አንሺ አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ስለ ሌንሱ የምጠይቀው አለ።

ቦሌ_ልጅ፦

ለእኔም። እናቴ በመስከረም ትመጣለች።